እንዲያብብ ማን ይተወዋል? የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጉዳይ

ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ኮባን ያውቃል። ክትፎ ቤት የገባ ሰው ቆጮን ያውቃል። የእንሰትን አበባ ግን ስንቶቻችን አይተናል? እንሰት ጓሮ ውስጥ ያደጉ ወዳጆቼን ስጠይቅ ብዙዎቹ መልሰው ይጠይቁኛል። "እንዲያብብ ማን ይተወዋል?"

እውነታቸውን ነው፤ የሚተወው የለም ማለት ይቻላል። የዚህ ጉዳይ ቁልፉም እዚህ መልስ ውስጥ ነው። እንሰት 20 ሚሊዮን ገደማ ኢትዮጵያውያንን ይመግባል። በሰው እጅ ሲኖር ግን በዘር አይራባም። የሚራባው በቢላዋ ነው። ለዘመናት ሲያባዛው የኖረው ይኸው ቢላዋ ነው እንግዲህ ዛሬ በሽታውን ከጓሮ ጓሮ የሚያዞረው።

ተክሉን ቆርጠን እንየው

እንሰት ከሩቅ ሲታይ ሙዝ ይመስላል። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና አይገርምም። ቁመቱ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። አንዱ ቅጠል ብቻውን 5 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከታች ወፈር ብሎ ቀጥ ያለውን ነገር ሁሉም ሰው "ግንድ" ይለዋል። ግንድ ግን አይደለም፤ ቅጠል ነው። የየቅጠሉ እግር ሰፊ ነው፣ አንዱ ሌላውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አቅፎ ይይዛል። ተደራርበው ቆመው ግንድ መስለው ያታልሉናል።

እውነተኛው ግንድ አፈር ውስጥ ነው። አሚቾ ብለን ቀቅለን የምንበላው እሱ ነው። አናቱ ላይ፣ በቅጠሎቹ እግር መሐል፣ አንዲት የማደጊያ ነጥብ ተደብቃለች። ቅጠል ሁሉ የሚወለደው ከእሷ ነው። አንድ ቀን ቅጠል ማውጣቷን ትተውና ወደ አበባ ትዞራለች። ያኔ ግንዱ በሐሰተኛው ግንድ መሐል ሾልኮ ወደ ሰማይ ይወጣል። አናቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ትልቅ የአበባ ዘለላ ያንጠለጥላል። ከዘለላው ሙዝ የሚመስል ፍሬ ይመጣል፤ ውስጡ ግን ሥጋው ትንሽ ነው፣ የሞላው ጠጠር የመሰለ ጥቁር ዘር ነው። ፍሬው ሲበስል እንሰቱ ይሞታል። በሕይወቱ የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስም እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ከ5 እስከ 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ገበሬው ይህን ሁሉ ዓመት የሚጠብቀው አበባ ለማየት አይደለም። አሚቾውና የቅጠሎቹ እግር ለዓመታት ያጠራቀሙት ስታርች አለ። አበባው ገፍቶ ከሄደ ያንን ቁጠባ አውጥቶ ለፍሬና ለዘር ይበትነዋል። ስለዚህ እንሰቱ የሚቆረጠው ከማበቡ በፊት ወይም ገና እምቡጡ ብቅ ሲል ነው። ቁጠባው በሞላበት ሰዓት ማለት ነው።

አሁን ከቅጠሎቹ እግር አንዱን አግድም እንቁረጠው። ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ትላልቅ የአየር ክፍሎች፣ በመካከላቸው ስስ ግድግዳ። ግድግዳዎቹ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ የሚሉት የቱቦ ጥቅሎች ናቸው። በየጥቅሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። ዛይለም ውሃን ከሥር ወደ ቅጠል ያወጣል። ፍሎየም ቅጠል የሠራውን ስኳር ወደሚፈለግበት ይወስዳል። ዙሪያቸውን ደግሞ ጠንካራ ክሮች ይጠብቋቸዋል። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ለስላሳው ክፍል ለቆጮና ለቡላ ይወርዳል፣ ክሩ እጃቸው ላይ ይቀራል። ቃጫ የምንለው ይህንኑ ነው። በቃጫ ገመድ እቃ ያሰረ ሰው ሁሉ የእንሰትን የውሃ መስመር ዘብ ሳያውቀው ጨብጧል።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ። ባህር ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር በየጊዜው አዲስ እንጨት ይሠራል፤ የቆየው ቱቦ ቢደፈን ሌላ ይተካል። እንሰት ግን ወገኑ ከእነ በቆሎና ከእነ ጤፍ ጋር ነው። እንዲህ ዓይነት የሚወፍር እንጨት የለውም። ቅጠሉ አብሮት በተወለደው ቱቦ ዕድሜውን ይጨርሳል። ያ ቱቦ ከተዘጋ መለዋወጫ የለም።

ገድሎ ማባዛት

ሙዝ ሳይጠይቁት ከጎኑ ልጆች ያወጣል። እንሰት በዚህ በኩል ንፉግ ነው። መሐሉ ላይ ያለችው የማደጊያ ነጥብ አሚቾው ጎን ላይ የተኙትን እምቡጦች እንዳይነቁ አፍና ትይዛቸዋለች። ሳይንቲስቶች ኦክሲን የሚባል ሆርሞን የጎን እምቡጦችን እንደሚያፍን በሙከራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። የእንሰት ገበሬ ሆርሞኑን በስሙ ባያውቀውም መላውን ከእነሱ በፊት ያውቅ ነበር።

መላው ጭካኔ ይመስላል። ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆነው ጥሩ እንሰት ይመረጣል። ሐሰተኛው ግንድ ከአሚቾው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ከዚያ መሐሉ ተቦርቡሮ የማደጊያዋ ነጥብ ትወጣለች። ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ይሞላል፣ አሚቾው ይቀበራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተኙት እምቡጦች አንድ ላይ ይነቃሉ። ከአንድ አሚቾ 40፣ 100፣ አንዳንዴም 200 ችግኝ ይገኛል። ሁሉም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ርክበ ብናኝ የለም፣ አባት የለም፣ ዘር የለም።

ችግኞቹ ደግሞ አንድ ቦታ ተተክለው አይቀሩም። እያደጉ ሲሄዱ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዚያም በላይ ይዛወራሉ። በጉራጌ ለየደረጃው የራሱ ስም አለው። በየዝውውሩ ሥር ይከረከማል፣ ቅጠል ይቆረጣል። ቦታ ከያዘ በኋላም ቢላዋ አይለየውም። ቅጠሉ ለከብት መኖ ይፈለጋል፣ ቆጮ ለመጠቅለል ይፈለጋል፣ ዳቦ ለመጋገር ይፈለጋል። እንሰት ከልደቱ እስከ ሞቱ ስንት ጊዜ ስለት እንደሚያርፍበት ቁጠሩት።

በጭቃ ላይ በጥም መሞት

ካስቴላኒ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ እንሰት መበስበስ ጽፎ ነበር። በሽታው በወጉ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው ገዳዩ ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቁ፣ ስምም አወጡለት። ዛንቶሞናስ ሙሳሴያረም አሉት። የመጀመሪያው ቃል ግሪክኛው "ቢጫ" ይላል፤ ባክቴሪያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያድግ ቢጫ ነውና። ሁለተኛው ቃል የእንሰትና የሙዝን ቤተሰብ የሚጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዝምድናው በዘረ መሉ (በመላው የዘር መረጃው) ተጣርቶ ቫሲኮላ ወደሚባለው ዝርያ ተዛወረ። ቫሲኮላ "በቱቦ ውስጥ የሚኖር" እንደማለት ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ሸንኮራ አገዳን፣ በቆሎንና ማሽላን ያጠቃሉ። ከሁለቱ ስሞች አዲሱ ይሻላል ባይ ነኝ። አድራሻውን ይናገራላ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ገበሬው አንድ እንሰት ይቆርጣል። እንሰቱ ታሟል፣ ምልክት ግን ገና አላሳየም። ከቱቦዎቹ የወጣው ፈሳሽ ስለቱ ላይ ይቀራል። በዚያው ቢላዋ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በዛይለም ውስጥ ያለ ውሃ በአብዛኛው የሚወጣው ከላይ ተስቦ ነው፤ ቅጠል ውሃ ሲያተን የውሃውን ዓምድ ወደ ላይ ይጎትተዋል። እንደተወጠረ ገመድ ነው። ቱቦው ሲቆረጥ የተወጠረው ውሃ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ስለቱ ያመጣው ጠብታም አብሮ የመግባት ዕድል ያገኛል። ባክቴሪያው ቅርፊት መብሳት፣ በር መስበር አላስፈለገውም። በሩን ከፍቶ ያስገባው ቢላዋው ነው።

ውስጥ ከገባ በኋላ ይራባል፣ ልጋግ የመሰለ ነገርም ያመነጫል። ቱቦዎቹ እየተደፈኑ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚታመመው መሐል ያለው ለጋ ቅጠል ነው። ጫፉ ይገረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይጠወልጋል። ከዚያ ሌሎቹ ቅጠሎች ይከተላሉ። ዝናብ እየዘነበ፣ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ እንሰቱ በውሃ ጥም ይሞታል። በወራት ውስጥ እስከ አሚቾው ድረስ ይበሰብሳል። የስድስት ዓመት ቁጠባ ያኔ ለሰውም ለከብትም አይሆንም።

ድርቅ ነው ወይስ በሽታው? ለመለየት ቀላል ምርመራ አለ። የቅጠሉ እግር ተቆርጦ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። በሽታው ከሆነ ከቱቦ ጥቅሎቹ አፍ ላይ ቢጫ ወይም ክሬም መልክ ያለው መግል የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል። ጥሩ ምርመራ ነው። መርማሪው ቢላዋውን ሳያጸዳ ወደ ቀጣዩ እንሰት ካለፈ ግን በሽታውን እየመረመረ አዳረሰው ማለት ነው።

ቢላዋ ብቻ ነው ጥፋተኛው አልልም። ጃርትና ፍልፈል አሚቾ እየቆረጠሙ ያስተላልፋሉ። የታመመ ቅጠል የጋጠ ከብትም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው ችግኝ ነው። ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። የተቆረጠበት አሚቾ ታሞ ከነበረ ግን 100 ግልባጭ ማለት 100 ተጠርጣሪ ማለት ነው።

ሙዝ ጋ ሲሻገር

ዳኛቸውና ብራድበሪ ይኸው ባክቴሪያ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሙዝ ላይ መታየቱን እ.ኤ.አ. በ1974 ጻፉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ በአገር ውስጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ሙኮኖ አካባቢ ተገኘ፤ ምሥራቅ ኮንጎም በዚያው ዓመት ገደማ ታየ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ቡሩንዲ ተከተሉ። ለኡጋንዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ሙዝ ማለት እኛ ዘንድ እንጀራ ማለት ነው።

ለእኔ ጉዳዩ ይበልጥ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው ያው ነው፤ የሚሄድበት መንገድ ግን ተቀየረ። ምክንያቱም ሙዝ ያብባል።

የሙዝ ዘለላ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ሐምራዊ፣ ልብ የመሰለ እምቡጥ አስታውሱ። ወንዴ አበቦቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ ሽፋን ቅጠል ሲገለጥ ሥሩ ያሉት አበቦች ወለላ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ሽፋኑም አበቦቹም ይረግፋሉ። የረገፉበት ቦታ ለጊዜው እርጥብ ቁስል ነው። ንቦችና ትናንሽ ዝንቦች ከታመመ ሙዝ ወለላ ቀስመው ጤነኛው ጋ ሲያርፉ ባክቴሪያውን እርጥቡ ቁስል ላይ ያራግፋሉ። ባክቴሪያውም ከዚያ በቱቦዎቹ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሬው ጊዜውን ሳይጠብቅ ቢጫ ይሆናል፣ ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው የሚበላ ሙዝ ዘር የማይሰጥ መሆኑ ነው። ለማንም የማይጠቅመው ወንዴ አበባ ለበሽታው ብቻ ጠቀመ።

ኡጋንዳ ውስጥ ካይንጃ የሚባለው የቢራ ሙዝ ክፉኛ ተመታ። ሽፋኖቹና ወንዴ አበቦቹ የሚረግፉበት ዓይነት ነውና ለነፍሳቱ በር ይከፍታል። አበቦቻቸውና ሽፋኖቻቸው ደርቀው እዚያው የሚቀሩ አንዳንድ የደጋ ሙዞች በነፍሳት በኩል ከሚመጣው ተረፉ። ቁስል ከሌለ መግቢያ የለም። በቢላዋ በኩል ከመጣባቸው ግን እነሱም አያመልጡም። የልዩነቱ መነሻ ይህች የአበባ ባሕርይ ብቻ ናት።

መፍትሔውም ከአበባው ወጣ። ዘለላው ፍሬውን እንደጨረሰ ያንን ሐምራዊ እምቡጥ መቀንጠስ። በቢላዋ ሳይሆን ባላ እንጨት አስገብቶ ጠምዝዞ። ሙዙ ምንም አይጎዳም። ሌላም ነገር ታወቀ። ባክቴሪያው ከአንድ ሥር በተነሱ ሙዞች ሁሉ ውስጥ ሁልጊዜ አይዳረስም። ስለዚህ ቀድሞ ሙሉው ጉብታ ይነቀል ሲባል የነበረው ቀርቶ የታመመውን ግንድ ብቻ ቶሎ ቶሎ ከመሬት ቆርጦ መጣል የሚል ዘዴ ተሞከረ፣ ሠራም። አንድን ሙሉ የሙዝ ጉብታ ቆፍሮ ማውጣት የሚጠይቀውን ጉልበት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

እንሰት ጋ ምን ይደረግ

እንሰት ላይ የሚቀነጠስ እምቡጥ የለም፤ እኛው እንዳያብብ አድርገነዋል። የሚፈውስ መድኃኒትም የለም። የቀረው ንጽሕና ነው። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት ማጋል ወይም በበረኪና ማጠብ፣ ከብት ወደ ጓሮ አለማስገባት፣ ችግኝ ከማይታወቅ ቦታ አለመግዛት፣ እንሰቱ በሞተበት ጉድጓድ ወዲያው ሌላ አለመትከል።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጓሮ ውስጥ እንየው። እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተረዳዳ የሚሠራ። የቤቱ ደህና ቢላዋ ደግሞ አንድ ነው፣ እሱም ይዋሳል። ለስልጠና ብዙ ጊዜ የሚጠራው ግን አባወራው ነው። እሱ ሰምቶ ይመጣል፣ ምሽት ላይ ለላሟ ቅጠል የምትቆርጠው ግን ሚስቱ ናት። "ቢላዋችሁን አጽዱ" የሚለው መልእክት ትክክል ሆኖ ሳለ ቢላዋው ያለበት እጅ ላይ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ አንዱ አጽድቶ ጎረቤቱ ካላጸዳ ያው ነው። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ወቅት ካልተነሳ በሽታው ከአጥር አጥር ይመላለሳል።

ሁለተኛው ተስፋ ዝርያ ነው። ገበሬዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን በስም ለይተው ያውቃሉ። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለአሚቾ፣ አንዱ ለቃጫ፣ አንዱ ለመድኃኒት። ወላይታ አካባቢ የሚታወቀው ማዚያ በሽታውን ከሌሎች በተሻለ ይቋቋማል። ባክቴሪያው ቢገባበት እንኳ አገግሞ የሚነሳበት ጊዜ አለ። አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዝርያዎችን ተክሎ ያቆያል። በየጓሮው አሥርና ከዚያ በላይ ዓይነት ቀላቅሎ የመትከል ልማድም ራሱ መከላከያ ነው። ሁሉም የአንዲት እናት ግልባጭ ቢሆኑ አንዱን የገደለ ሁሉንም ይገድላል።

ታዲያ ማዚያን ጣዕሙና ምርቱ ከሚወደድ ሌላ ዝርያ ጋር ለምን አያዳቅሉትም? ይቻላል። እንሰት እንደ ብዙው የሚበላ ሙዝ መካን አይደለም። ክሮሞዞሞቹ 18 ናቸው፣ በወጉ ጥንድ ጥንድ ሆነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዝ ዳርና ጫካ ውስጥ ያለው የዱር እንሰት ማንም ሳይቀብረው በዘር እየተራባ ኖሯል። እዚያ እያንዳንዱ ቡቃያ አዲስ ቅልቅል ነው። ለማዳው እንሰት ያጣው ያንን ነው፣ እናም እነዚያን የወንዝ ዳር እንሰቶች እንደ አረም ማየት ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ለሙዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞክሯል፤ ከጣፋጭ ቃሪያ የተወሰዱ ጂኖች ወደ ሙዝ ገብተው ኡጋንዳ ውስጥ በሙከራ ማሳ ላይ ጥሩ መቋቋም አሳይተዋል።

በአበባ በኩል ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ወላጆች ሳይቆረጡ ለዓመታት መቆየት አለባቸው። ከዚያ በአንድ ወቅት ማበብ አለባቸው። የአበባ ዱቄቱ በእጅ ይወሰዳል፣ ዘሩ ይበስላል። ጠጣሩን ዘር ማብቀል ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከበቀለ በኋላም በሽታውን መቋቋሙ ብቻ አይበቃም፤ አድጎ ተፍቆ ቆጮው መቀመስ አለበት። አንዲት ተመራማሪ ዛሬ ማዚያን ብታዳቅል፣ የዚያ ዘር ልጅ የራሱን አበባ እስኪያሳያት ዘንድሮ የወለደችው ልጇ አንደኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። እንሰቱ ቀርፋፋው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል።